194,313፦ የፋሲካ ሙሉ ዙር

መስከረም 1 ቀን ፉሪ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ እንደሌላው አገር ሁሉ፣ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት መዋያ ይታወጃል። አዋጁን የሚያሰማው ካህን ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅ የሚባሉትን የስሌቱን ቁጥሮች እየጠራ ፋሲካ ላይ ይደርሳል። ከስሌቱ ጀርባ ስሙ ብዙም የማይነሳ አንድ ቁጥር አለ፦ 194,313። ፋሲካ ወሩንም፣ ቀኑንም፣ ጨረቃውንም ይዞ ወደ ነበረበት የሚመለሰው ይህን ያህል ቀን ካለፈ በኋላ ነው።

በዓመት ሲቆጠር 532 ይሆናል፤ የቤተ ክርስቲያኗ የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ዐቢይ ቀመር ይለዋል። ፋሲካ እሑድ እንዲውል ግድ ስለሆነ 7 ይገባበታል። ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ቀን ስለምትሆን 4 ይገባበታል። ጨረቃ ከፀሐይ ዓመት ጋር የምትገጥመው በየ19 ዓመቱ ነውና 19ም አለ። ሦስቱ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው እርስ በርስ ሲባዙ የሚመጣው ራሱ ነው፦ 7 × 4 × 19 = 532።

አሁን ወደ ቀን እንመንዝረው። አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው። በ19 ሲባዛ 27,759 ይመጣል፤ ይህ የማዕከላዊው ቀመር፣ የ76 ዓመት ቀን ነው። እዚህ ላይ ጨረቃውም ጳጉሜኗም ቦታቸውን ይዘዋል፤ የጎደለው ሳምንቱ ብቻ ነው። 27,759 ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋላ! ለምሳሌ በ1941 ዓ.ም. እና በ2017 ዓ.ም. የጨረቃው ቁጥሮች አንድ ናቸው፦ አበቅቴው 1፣ መጥቁ 29 ነበር። ሆኖም ሚያዝያ 12 በ1941 ረቡዕ፣ በ2017 ደግሞ እሑድ ዋለ። በዚህ ምክንያት የ1941 ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ የ2017ቱ ሚያዝያ 12 ሆነ።

ያቺ የ4 ቀን ትርፍ የምትጠፋው ሰባት ጊዜ ተደምራ 28 ስትሞላ ነው፤ ከዚያ በፊት ለ7 አትካፈልም። 7 × 27,759 ደግሞ 194,313 ነው። የቁጥሩ ደስ የሚል ጠባይ ይኸው ነው፦ በ76 ዓመት ውስጥ ያሉት ቀኖች በ532 ዓመት ውስጥ ካሉት ሳምንታት ጋር እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 27,759።

እስከ መጨረሻው ሲበተን 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል። 7 ከሳምንቱ፣ 19 ከጨረቃዋ የመጡ ናቸው፤ 3 እና 487 የ1,461 አካፋዮች ናቸው። ከእነዚህ አራቱ አንዱም ከዚያ በታች አይበተንም። 4 የት ገባ ለሚል፣ እሱ በ1,461 ውስጥ ተውጧል፤ 194,313 ጎዶሎ ቁጥር የሆነውም ለዚህ ነው።

ከ2017 ወደ ኋላ 532 ዓመት ብንቆጥር 1485 ዓ.ም. ላይ፣ ዐፄ እስክንድር በነገሡበት ዘመን እንደርሳለን። ያን ጊዜም ዘመኑ ማቴዎስ፣ በቀመሩ መሠረት ፋሲካው ሚያዝያ 12 ነው። ወደ ፊት ቢኬድ 2549 ላይም እንዲሁ።

ሰማይ ግን የቁጥሩን ያህል ልከኛ አይደለችም። በስሌቱ ጨረቃና በእውነተኛዋ ጨረቃ መካከል በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ልዩነት ይፈጠራል። ሮም በ1582 እ.ኤ.አ. የቀን አቆጣጠሯን ስታስተካክል ይህንንም አብራ አረመች፤ አንዳንድ መቶኛ ዓመታትንም ከተጨማሪዋ ቀን አስቀረች። ስሌቱ ወደ ሰማዩ ቀረበ፤ ዙሩ ግን ረዘመ። በዚያ አቆጣጠር የፋሲካ ቀኖች ቅደም ተከተል ተሟልቶ የሚደገመው በ5,700,000 ዓመት ነው።