ያላለቀሰ ሁሉ አልተጽናናም

በሮቤም ሆነ በጎባ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚሞላው በአንድ ወገን ሰው ብቻ አይደለም። ወንጌላዊው አማኝ ከኦርቶዶክስ ጎረቤቱና ከሙስሊም ባልንጀራው ጋር በአንድ አግዳሚ ይቀመጣል። አንዱ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሲል ሌላው «ሰብር ይስጣችሁ» ይላል፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጽናናል። ንፍሮው ይዞራል፤ የደጋው ብርድ ሳይበግራቸው ከሐዘንተኛው ጋር የሚያድሩም አሉ። የባሌ ሰው ይህን መልካም ነገር አሳምሮ ያውቅበታል።

ነገር ግን በዚያው ድንኳን ውስጥ ማንም ሳይሾመው ዳኛ የሚሆን ብዙ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ደረቷን እየደቃች ብታለቅስ ከቤተ ክርስቲያን ከመጡት መካከል «ምነው እምነቷ ደከመ?» የሚል አይጠፋም። እንባ ሳታፈስ እንግዳ ስታስተናግድ ብትውል ደግሞ የሠፈሩ ሰው «ልቧ ድንጋይ ነው» ይላል፤ ወገኖች ግን «ጌታ አጽንቷታል» ብለው ተደስተው ይመለሳሉ። ሁለቱም ሴቶች የተመዘኑት በእንባቸው ልክ ነው። የመጀመሪያዋ በሦስተኛው ወር ወደ ገበያዋ ተመልሳ፣ ሁለተኛዋ ግን እንቅልፍ አጥታ ግድግዳ ስታይ የምታድር ብትሆንስ?

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ጠባይ ልዩነት ለመናገር የውጭ አገር መጽሐፍ የግድ አያስፈልገንም። ቋንቋችን ራሱ ሰውን በሆዱ ይለየዋል፤ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ፣ ብዙ የሚችለው ሆደ ሰፊ፣ የውስጡን የማያወጣው ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ባይ ነው። በጋብቻ ትምህርትና በወጣቶች ሴሚናር ላይ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ሳንጉዊን፣ ኮሌሪክ፣ ሜላንኮሊክና ፍሌግማቲክ የሚባሉትን አራት ጠባዮች ነው። አሜሪካዊው ፓስተር ቲም ላሄይ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት መጽሐፍ ይህን አከፋፈል በወንጌላውያን ዘንድ በሰፊው አስተዋውቆታል። ሥሩ ግን ወደ ጥንቶቹ የግሪክ ሐኪሞች ወደ ሂፖክራተስና ወደ ጋለን ይሄዳል። እነርሱ የሰው ጠባይ የሚወሰነው በሰውነቱ ውስጥ በሚበዛው ፈሳሽ፣ ይኸውም በደም፣ በቢጫ ሐሞት፣ በጥቁር ሐሞትና በአክታ ነው ይሉ ነበር። የዛሬ ሕክምና ይህን ትቶታል። አራቱ ስሞች ራስን ለመመልከት ይረዱ ይሆናል፤ ለሌላው ሰው መለያ ታርጋ ሲሆኑ ግን ጉዳት አላቸው። ደግሞም «እኔ እኮ ሜላንኮሊክ ነኝ» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፎ መክረም በየትኛውም መጽሐፍ አልተፈቀደም!

ሳይንሱ ዛሬ የሚለው ከዚህ ይልቅ ጠለቅ ያለ ነው። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ጀሮም ኬገን ለአራት ወር ሕፃናት አዲስ መጫወቻ፣ የማያውቁት ድምፅና ሽታ እያቀረቡ ሁኔታቸውን ይመለከቱ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ያህል እጅ እግሩን እያወራጨ አለቀሰ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ያህል ደግሞ ተረጋግተው ተመለከቱ። ከአንድ በላይ ልጅ ያሳደገች እናት በዚህ አትደነቅም። በአራት ወሩ የሚደነግጠውን ሕፃን ስለ እምነቱ ጥንካሬ የሚጠይቀው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2003 ኬገን የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ወጣ። በሁለት ዓመታቸው ዓይን አፋር የነበሩ ልጆች አድገው አንጎላቸው በመሣሪያ ሲታይ፣ እንግዳ ፊት ባዩ ጊዜ አሚግዳላ የተባለችው ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ በርትታ ሠራች። አሚግዳላ የለውዝ ፍሬ የምትመስል፣ አደጋንና አዲስ ነገርን ቶሎ የምታስታውቅ የአንጎላችን ዘበኛ ናት። እንግዲህ አንዳንዱ ሰው ሲፈጠር ዘበኛው ንቁ ነው፤ ጥቂት ኮሽታ ያስነሣዋል። ይሁን እንጂ ኬገን ራሳቸው ጠባይን የማይለወጥ ዕጣ አላደረጉትም። ከእነዚያ የሚያለቅሱ ሕፃናት ብዙዎቹ ተጨናቂ ሰዎች ሆነው አላደጉም። አስተዳደግ፣ ወዳጅ፣ ልምምድ ድርሻ አላቸው፤ እኛ አማኞች ደግሞ መንፈስ ቅዱስ በሰው ውስጥ የሚሠራውን ሥራ እንጨምራለን።

«የልብ ሐዘን የሐሳብ ነገር ነው፤ ተነሥ፣ አትዘን» የሚሉም አሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጥናት ይህን አያበረታታም። ሰዎች በኮምፒውተር የኳስ ጨዋታ ላይ ኳሱን የሚሰጣቸው አጥተው ከጨዋታው ሲገለሉ፣ በአካል ሕመም ጊዜ ከሥቃይ ስሜት ጋር የሚሠራ የአንጎል ክፍል በእነርሱም ላይ ሲሠራ ታየ። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ማቲው ሊበርማን በ2007 የተቆጡና የፈሩ ሰዎችን ሥዕል ለተመልካቾች አሳይቶ ነበር፤ ተመልካቾቹ ያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙት የአሚግዳላ ሥራ ቀነሰ፣ ከግንባር በስተ ኋላ ያለው ክፍል ደግሞ ሥራውን ጨመረ። ለስሜት ስም መስጠት ያረጋጋል ማለት ነው። መዝሙረ ዳዊትን የሚያነብ ሰው ይህን በሌላ መንገድ ያውቀዋል፤ ከመዝሙራቱ እጅግ ብዙዎቹ የእንጉርጉሮ ጸሎቶች ናቸውና።

«ሆድ ይፍጀው» ባዩስ? ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ አሳዛኝ ፊልም እያዩ ስሜታቸውን እንዲደብቁ የተነገራቸው ሰዎች ፊታቸውን መቆጣጠር ቢችሉም የልባቸውና የደም ሥራቸው ውጥረት ጨምሮ ተገኘ። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የወይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ሲደርስ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዋሻ ውስጥ ይገባል። ከላይ የቆመ ሰው ውኃውን አያየውም፤ ወንዙ ግን አልደረቀም።

ይህን ስል ዝም ያለ ሁሉ ውስጡ ታሟል ማለቴ አይደለም። ጆርጅ ቦናኖ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ የትዳር ጓደኛቸው ከመሞቱ በፊት ጀምሮ ከተጠኑት አረጋውያን ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የቀራቸው ከሞቱ በኋላም ጽኑ ትካዜ ውስጥ አልገቡም። የተደበቀ በሽታ የለባቸውም፤ በእርግጥ ቻዮች ናቸው። ታዲያ ቻዩን ከሚደብቀው በምን እንለያለን? እኔ እንባውን ትቼ ሌላ ነገር አያለሁ። የሟቹን ስም ታነሣለች? ስለ እርሱ ስታወራ አንዳንዴ ፈገግ ትላለች? ትበላለች፣ ትተኛለች? ወይስ ስሙ ሲነሣ ወሬ ትቀይራለች፣ ክፍሉን ቆልፋ ቁልፉን ታኖራለች?

የቢታንያ እኅቶች

ዮሐንስ ምዕራፍ 11ን በዚህ ዓይን ብናነብ የጌታችን አያያዝ ያስደንቀናል። አልዓዛር ሞቶ ማርታ ጌታ መምጣቱን ስትሰማ ከመንደሩ ውጭ ድረስ ወጣች፤ ማርያም ከቤት አልተንቀሳቀሰችም። ኋላ ሁለቱም ያቀረቡለት ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ወንድማቸው ባልሞተ ነበር። መልሱ ግን ለየብቻ ነው። መናገርና መጠየቅ ለምትወድደው ለማርታ ስለ ትንሣኤ ነገራት፤ እምነቷንም ጠየቃት። በእግሩ ላይ ወድቃ ለምታለቅሰው ለማርያም ትምህርት አልሰጣትም፤ የት እንደ ተቀበረ ጠየቀ፣ አለቀሰም። ጥቂት ቆይቶ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ! ማርታን ዝም በይ አላላትም፤ ማርያምንም በቃሽ አላላትም። በልቅሶ ቤት ለሁሉም አንድ ጥቅስ ይዘን የምንሄድ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል።

ጠባይ ሁሉን አይወስንም እንጂ። ዳዊት ሕፃኑ ታሞ ሳለ መሬት ላይ ተኝቶ ጾመ፤ ሲሞት ግን ታጥቦ በላ፣ አገልጋዮቹም ግራ ገባቸው። ያው ዳዊት አቤሴሎም ሲሞት ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ኢዮአብም ገሠጸው። አንድ ሰው፣ አንድ ጠባይ፣ ሁለት ልጆች፣ ሁለት ሐዘን።

በእኛ አገር ለዝምተኛው የሚያሰጋ አንድ ነገር አለ። በቡታጅራ አካባቢ ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ሕዝቡ የከባድ የአእምሮ ሕመም ምልክት ብሎ ከሁሉ ይልቅ የጠቀሰው ብዙ መለፍለፍን፣ ጠበኛነትንና እንግዳ ጠባይን ነው። የሚጮኸው ይታያል፤ በጓዳ ተቀምጦ የሚከስመውን ማን ያየዋል? በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዝምተኛዋ ሴት ሰዓቷን ጠብቃ መጥታ ወንበር ታስተካክላለች፤ ምስክርነቷም መልካም ነው። ስለዚህ የሚጠይቃት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች መዝገብ ከስድስት ወር በላይ የቆየ፣ በኅብረተሰቡ ባህልም ከተለመደው ያለፈና ኑሮን ያናጋ ሐዘን ሕክምና እንደሚያሻው ይናገራል። ከዚያ በፊትም ቢሆን፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል የሚከብድ ትካዜ፣ ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍና የምግብ መጥፋት ካለ ሐኪም ሊያይ ይገባል። ሞትን መመኘት ከታየማ አንድ ቀን አይታደርም። ይህን ወደ ሐኪም መውሰድ አለማመን ነው የሚል ካለ 1ኛ ነገሥት 19ን ያንብብ። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር በመጀመሪያ የላከለት እንጀራና ውኃ ነው፤ ሁለት ጊዜ በላ፣ ሁለት ጊዜ ተኛ። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በኮሬብ ተራራ ነው።

ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ይታወስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ አገር ውስጥ የሠለጠኑ ሐኪሞች ቁጥር ጨምሯል። የሮቤና የአካባቢው ሰው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ወደ ሆነው ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ፣ ወይም በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ መጀመር ይችላል።

ከቤተ ክርስቲያን የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። ድንኳኑ ከፈረሰ፣ ከሩቅ የመጣው ዘመድ ከተመለሰ በኋላ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ሁለት እኅቶች ቡና ሊጠጡ ይሂዱ። መጽሐፍ ቅዱስ ከመግለጣቸው በፊት «ሌሊቱ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ሟቹንም በስሙ ይጥሩት። ወንዶችም ይህን ለባል ያድርጉ፤ ሚስቱ የሞተችበትን ወንድ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ?» ብሎ ትከሻውን መትቶ መሄድ በእኛ ዘንድ ተለምዷልና። ሐኪም ቤት መሄድ ካስፈለገም በቀጠሮው ቀን አንድ ሽማግሌ አብሮት ሄዶ ወረፋው እስኪደርስ አብሮ ይቀመጥ።