የጭነት ባቡር ጋቢና ለእንግዳ የማይከፈተው ስለ ምንድን ነው?



ባለፈው ዓመት ለሥራ ጉዳይ ወደ አሶሳ ሄጄ ሳለሁ፥ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንጨዋወት፥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «ጋሼ፥ እርስዎ ከአዲስ አበባ የመጡ ነዎት። በጭነት ባቡር ጋቢና፥ ከነጂው አጠገብ ተቀምጦ እስከ ድሬዳዋ ለመሄድ ማመልከቻ የሚጻፈው ለማን ነው?» አብረውን የነበሩት ሳቁበት። እኔ ግን ጥያቄው መልስ የሚገባው መሆኑን ስላመንሁ የዛሬውን ንግግሬን በዚሁ ላይ አድርጌዋለሁ።

አሶሳ ሐዲድ የላትም። ከኢጃጂ ተነሥቶ በነቀምቴና በአሶሳ አልፎ ኩርሙክ የሚደርስ መሥመር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን አልተሠራም። ስለዚህ የአሶሳ ሰው አጥብቆ የሚያውቀው ጋቢና የጭነት መኪና ጋቢና ነው። በዚያም ጌታው ሾፌሩ ነው፤ «ወንድሜ፥ ቦታ ካለህ አሳፍረኝ» ይሉታል፤ ቢወድ ያሳፍራል፥ ባይወድ ይተዋል። የባቡር ጋቢና ግን የነጂው ገንዘብ አይደለም። እርሱም በትእዛዝ የገባ ነው እንጂ ለሌላ ሰው በሩን የመክፈት ሥልጣን የለውም።

የዚህ ሕግ ምክንያት ከባቡሩ ጠባይ የሚመነጭ ነው። መንኮራኩሩም ሐዲዱም ብረት ስለሆነ መፋተጉ ጥቂት ነው። አንድ ሞተር በብዙ ሺህ ኩንታል የሚቆጠር ጭነት ሊጐትት የሚችለው በዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ለመሳብ የጠቀመው ይኸው ጠባይ ለማቆም ሲሆን ጠላት ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከባድ የጭነት ባቡር፥ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ እንኳ እስኪቆም ድረስ ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ነጂውም እንደ መኪና ሾፌር መሪ አዙሮ ለማምለጥ አይችልም። እንግዲህ ግመሉን ወይም ከብቱን በሐዲዱ ላይ ካየ በኋላ የሚያደርገው ጥቂት ነው፤ ሥራው ሁሉ አስቀድሞ ማየትና ምልክቱን ማክበር ነው።

ነጂው እንዳይዘናጋ ተብሎ በብዙ ሞተሮች ውስጥ የንቃት መቆጣጠሪያ ተሠርቶበታል። ነጂው በየጊዜው በእግሩ ወይም በእጁ ካልነካው ፍሬኑ በራሱ ይያዛል። ዳሩ ግን ይህ መሣሪያ የሚያውቀው እጅና እግር መንቀሳቀሱን ነው፤ ልብ በሥራው ላይ መኖሩን አያውቅም። ጨዋታ የሚወድ እንግዳ ከአጠገቡ ሲቀመጥ እጅ በቦታው ሆኖ ልብ ይሄዳል።

ይህ የሐሳብ ፍርሃት ብቻ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ፥ ቻትስዎርዝ በተባለው ስፍራ አንድ የመንገደኞች ባቡር ቀዩን ምልክት አልፎ ከጭነት ባቡር ጋራ ፊት ለፊት ተጋጨና 25 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ እንደ ደረሱበት ነጂው በስልክ መልእክት ሲጻጻፍ ነበር። ከዚህም በላይ ቀደም ሲል ባቡር ወዳጆችን ወደ ጋቢናው ማስገባቱና በዚያው ዕለት ማታም አንዱን ወጣት ባቡሩን ሊያስነዳው አስቦ እንደ ነበር ታወቀ። ወዳጁን ለማስደሰት የተነሣ ቸርነት ምን ያህል ወደ አደጋ እንደሚቀርብ ከዚህ ይታያል።

በአገራችንም ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የመንገደኞች ባቡር ጠማማው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደርሶ ከሐዲዱ ስለ ወጣ ከ400 በላይ ነፍስ ጠፍቷል። በዚያ ጋቢና እንግዳ ነበረ ማለቴ አይደለም። በአንድ ጋቢና ውስጥ የሚሆነው ነገር የስንት ቤተ ሰብ ዕድል እንደ ሆነ ለማስታወስ ያህል ነው።

እንግዲህ ማን ይግባ? በባቡር ሥራ የተለመደው ደንብ ሥራ ያለው ሰው ብቻ እንዲገባ ነው፤ ይኸውም ረዳት ነጂ፥ አሠልጣኝ፥ ተማሪ ነጂና ተቆጣጣሪ፥ እነርሱም በታወቀ ትእዛዝ። ለወጣቱ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው። ነጂውን በጣቢያው ላይ ለብቻው አትለምነው፤ እሺ ቢልህ እንጀራውን ታሳጣዋለህ። ማመልከቻህን ለባቡሩ ድርጅት ጻፍ፤ ምን ለማየት እንደምትሻ፥ ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ፥ በምን ቀን እንደሚመቻችሁ ግለጽ። በሚሄድ የጭነት ባቡር ጋቢና ከመለመን ይልቅ የቆመ ሞተር ወይም የጥገና ቤት ለማየት ብትጠይቅ እሺ የመባል ተስፋህ ይበልጣል። ለጉዞውም ከለቡ ጣቢያ በመንገደኞች ባቡር ቲኬት ቆርጠህ ሂድ። ባይፈቀድልህ ደግሞ እንቢታውን እንደ ንቀት አትቍጠረው። እኛ በመዝገብ ቤት የሌላውን ሰው ፋይል ለማንም እንደማናሳይ፥ እነርሱም በር የሚዘጉት ስለ ሌላው ሰው አደራ ነው።

ወጣቱ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እንግዲያስ እኛ ከባቡሩ ምንም የለንም» አለ። ይህ ግን ልክ አይደለም። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ሐዲድ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩም የአገሪቱ የኃይል መሥመር ነው። ወደዚሁ መሥመር ደግሞ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፥ በጉባ የተሠራው ግድብ ኃይል ይሰጣል። የአሶሳ ሰው በጋቢናው ባይቀመጥም ሞተሩን ከሚያስኬዱት ወንዞች አንዱ በክልሉ ያልፋል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላልና፥ የተዘጋ በር ባየን ጊዜ ከመቈጣታችን በፊት ለማን ሲባል እንደ ተዘጋ እንጠይቅ።