ተማሪ የሠራው የቶርኖ ቪዲዮ እንዴት ያስተምራል?

የቶርኖ አሠራር ቀላል ነው፤ ብረቱ ይሽከረከራል፣ ስለቱ ሳይዞር እየተጠጋ ይልጠዋል። መጽሐፍ ይህን በአንድ ገጽና በአንድ ሥዕል ይጨርሰዋል። ያንን ገጽ የሸመደደ ተማሪ ግን ወርክሾፕ ገብቶ የክብ ብረቱን ጫፍ ሲያስተካክል መሐል ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጉጥ ትቀርበታለች። ደግሞ ይልጠዋል፤ ጉጧ እዚያው ናት። ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ስለቱን ይስላል፤ ንቅንቅ የለችም።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የስለቱ ከፍታ ነው። የስለቱ ጫፍ ብረቱ ከሚዞርበት መሐል ትንሽ እንኳ ዝቅ ካለ በሥር ያልፋል እንጂ መሐሉን አያገኘውም። ከፍ ካለ ደግሞ መቁረጡ ቀርቶ ይፈትገዋል። መላው ከስለቱ ሥር ስስ ላሜራ መደረብ ወይም መቀነስ ነው። የትኛው እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ማሽኑ በቆመበት ቀጭን የብረት ማስመሪያ በስለቱ ጫፍና በክቡ ብረት መካከል ቀስ አድርጎ ማስያዝ ይበቃል። ማስመሪያው ቀጥ ብሎ ከቆመ ስለቱ ልኩን አግኝቷል። አናቱ ወደ ሠራተኛው ካዘነበለ ስለቱ ዝቅ ብሏል፤ ወደ ማዶ ካዘነበለ ከፍ ብሏል።

ዕድሜውን ቶርኖ ላይ የፈጀ ባለሙያ ይህን ሲያስተምር ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። እጁ ራሱ ስለሚሠራው እንደ አንድ እርምጃ አይቆጥረውም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ፓሜላ ሃይንድስ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ጀማሪዎች የሞባይል ስልክ አጠቃቀም ለመልመድ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው እንዲገምቱ የተለያየ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ስትጠይቅ፣ ባለሙያዎቹ ጊዜውን አሳንሰው ገመቱ። መካከለኛ ልምድ ያላቸው ይሻሉ ነበር። እንግዲህ ስለ ጉጧ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ከተፈለገ፣ አምና ከጉጧ ጋር ሲታገል የከረመው ተማሪ መጠራት አለበት ባይ ነኝ።

ተማሪን የማስተማሪያ ቪዲዮ ማሠራት አዲስ ሐሳብ አይደለም። የአሜሪካው ኤምአይቲ በ2012 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ትምህርት ከሚሰጠው ካን አካዳሚ ጋር ተባብሮ ተማሪዎቹ ለትምህርት ቤት ልጆች አጫጭር የሳይንስና የምህንድስና ቪዲዮዎች እንዲሠሩ ጋብዞ ነበር። በዚያው ተቋም መምህሩ ዉዲ ፍላወርስ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳደገው የዲዛይን ኮርስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዓይነት ዕቃ አድሎ፣ ከዚያ ማሽን ሠርቶ እንዲወዳደር ያደርጋል። እንዲህ ባለ ኮርስ ሁሉም ተማሪ በአንድ ሳምንት አንድ ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ይሰለፋል። የወርክሾፑ ኃላፊ ያንኑ መልስ ለስንቱ ይደጋግመው? አጭር ቪዲዮ የሚያቃልለው ይህን ወረፋ ነው።

አጭር ያልኩት በምክንያት ነው። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ በኤድኤክስ የኢንተርኔት ኮርሶች ላይ የተመዘገቡ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምረው በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ቪዲዮው የፈለገውን ያህል ቢረዝም ተማሪው በአብዛኛው ከ6 ደቂቃ በላይ አይቆይም። ስለዚህ ለአንድ ቪዲዮ አንድ ችግር ይበቃዋል፤ የጉጧ ለብቻው፣ የካሊፐር ንባብ ለብቻው።

ካሜራው የት ይቁም የሚለው ግን ከርዝመቱም ይብሳል። ከፊት ለፊት ከተቀረፀ የሠሪው ቀኝ ለተመልካቹ ግራ ይሆንበታል፤ እጀታው ወደየት እንደዞረ በሐሳቡ እየገለበጠ ማስላት ሊኖርበት ነው። ሎጋን ፊዮሬላና ባልደረቦቹ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የኤሌክትሪክ ሰርኪት አገጣጠምን በሠሪው ዓይን አቅጣጫ የተቀረፀ ቪዲዮ ያዩ ተማሪዎች፣ ከፊት ለፊት የተቀረፀውን ካዩት በልጠው ተገኝተዋል። ወርክሾፕ ውስጥም ካሜራው በሠሪው ትከሻ በላይ አልፎ እጁን ይመልከት። ሙዚቃ የሚባል ነገር ደግሞ አይጨመርበት! ስለቱ ሲንቀጠቀጥ የሚያሰማው ጩኸት ራሱ ትምህርት ነው።

በዚህ አቅጣጫ ቢቀረፅ በጣም የሚጠቅመው ነገር የእጀታው ክፍተት ይመስለኛል። ስለቱን የሚያስኬደው ረጅም ብሎን በዳዶ ውስጥ እየዞረ ነው፤ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ሁልጊዜ ትንሽ ክፍተት አለ፣ ማሽኑ ሲያረጅም ይሰፋል። ተማሪው ስለቱን ከልክ በላይ አስገብቶ ወደኋላ ሲመልስ እጀታው ይዞራል፣ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ስለቱ ግን ገና አልተነቃነቀም። ቁጥሩን አምኖ ይቆርጣል፤ ብረቱም ከልኩ በላይ ይቀጥናል። የቀጠነ ብረት ደግሞ መልሶ አይወፍርም። መፍትሔው እጀታውን ክፍተቱን አልፎ እስኪሄድ ወደኋላ ብዙ መልሶ፣ የሚፈለገው ቁጥር ላይ እንደገና ወደፊት እያስገቡ መድረስ ነው። ይህን በጽሑፍ ያነበበ ሰው ግራ ይጋባል። በአንድ ምስል ውስጥ የሚዞረውን እጀታና የቆመውን ስለት አብሮ ያየ ግን ወዲያው ይገባዋል።

በአደጋ ጥንቃቄ ላይ ግን ተማሪ ለተማሪ አይበቃም። አምና የተማረ ልጅ የአምናውን መጥፎ ልማድም ያስተላልፋል፤ ብረቱ እየዞረ ይለካል፣ ፍቅፋቂውን በእጁ ይጠርጋል፣ ሳያስብ ጓንት አድርጎ ይቀረፃል። ጓንት እጅ የሚጠብቅ ይመስላል፤ የሚዞር ማሽን አጠገብ ግን ተይዞ እጅን ይዞ ይገባል፤ እንደ ቀለበት፣ እንደ ነጠላ፣ እንደ ረጅም እጅጌ። ብረቱን የሚነክሰውን መንጋጋ ማጥበቂያ ቁልፍ ሰክቶ መርሳትም አለ፤ ማሽኑ ሲነሳ ቁልፉ ይወነጨፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቪዲዮ ከመሰራጨቱ በፊት የወርክሾፑ ኃላፊ ይየው፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ካገኘም በድጋሚ ይቀረፅ። ተማሪውም አይቶ ይግባ እንጂ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ቶርኖ አያስነሳ።

ሌላ ቦታ የተሠራ ቪዲዮ የማይመልሰው አንድ ጥያቄም አለ። ስለቱ 0.5 ሚሊሜትር ሲገባ ከብረቱ ውፍረት 1 ሚሊሜትር ይቀነሳል፤ ከሁለቱም ወገን ስለሚላጥ ነው። የአንዳንዱ ቶርኖ እጀታ የሚያሳየው የገባውን ነው፤ የሌላው የተቀነሰውን። የራሳችሁን ማሽን ለማወቅ፣ ብረቱ ከተላጠ በኋላ ማሽኑን አቁማችሁ በካሊፐር ለኩ፤ በእጀታው ቁጥር 0.5 አስገብታችሁ አንዴ ላጡና ማሽኑን አቁማችሁ ደግማችሁ ለኩ። ውፍረቱ በ1 ሚሊሜትር ከቀነሰ ቁጥሩ የገባውን ይናገራል፤ በ0.5 ከቀነሰ የተቀነሰውን። ያገኛችሁትን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ከእጀታው በላይ ለጥፉት፤ በራሳችሁ ቪዲዮም መጀመሪያ ላይ ይታይ።