ካሴቱ ሳይሻግት
የቤተሰብን ድምፅና ምስል በትልልቅ ዲስኮች ስለማቆየት

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሠርግ የደገሱ ብዙ ቤቶች አንድ የጋራ ቅርስ አላቸው። ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ የቪዲዮ ካሴት ነው። ካሴቱን የሚያጫውተው ማሽን ግን ከቤት ከወጣ ቆይቷል። የቪኤችኤስ ማጫወቻ ሲሠራ እስከ መጨረሻው የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል።

የደጋው አየር ደግሞ ለካሴት አይመችም። ሰኔ ግም ብሎ እስከ መስከረም ድረስ ቤቱ እርጥበት አያጣውም፤ በዚያ ላይ የማድቤት ጭስና አቧራ አለ። ካሴቱ በመስኮቱ በኩል ሲታይ ጥቅሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት ሻግቷል ማለት ነው። የሻገተ ካሴት ማጫወቻ ውስጥ ከገባ ፊልሙ ሊበጠስ ይችላል፤ ሻጋታውም ወደ ማሽኑ ይጋባና ቀጥሎ የሚገባውን ካሴት ያበላሻል።

እኔ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ባለፈው ዓመት ኮምፒዩተር ከሚያስተምረው የእህቴ ልጅ ጋር ሆነን የቤተሰባችንን ካሴቶች ብሉ ሬይ ወደሚባሉት ትልልቅ ዲስኮች አሻግረናል። ከዚያ ወዲህ በለቅሶ ቤትም በማኅበርም የሚያገኙኝ እናቶችና አባቶች "እንዴት አደረጋችሁት?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ልመልስ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ብሉ ሬይ ምንድን ነው?

ሲዲ፣ ዲቪዲና ብሉ ሬይ መልካቸው አንድ ነው። ሦስቱም ስፋታቸው 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለያዩት በሚጻፉበት ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሲዲ የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖ ሜትር በሆነ ጨረር ይነበባል፤ በ1996 የመጣው ዲቪዲ በ650፤ በ2006 በዓለም ገበያ የተሠራጨው ብሉ ሬይ ደግሞ በ405 ናኖ ሜትር ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ በሚያደላ ጨረር። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው።

የጎጃም ቁም ጸሐፊዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ወፍራም ብርዕ የያዘ ሰው በአንድ ቅጠል ብራና ላይ ጥቂት መስመር ይጽፋል፤ ብርዑን የቀረፀ ግን በዚያው ቅጠል ላይ እጥፍ ያስገባል። የብሉ ሬይ ጨረር ቀጭን ብርዕ ነው። በዚህም ምክንያት ሲዲ 700 ሜጋ ባይት፣ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ሲይዝ፣ ባለ አንድ ንብርብር ብሉ ሬይ 25 ጊጋ ባይት ይይዛል። ባለ ሁለት ንብርብሩ 50፣ ባለ ሦስቱ 100፣ ባለ አራቱ 128 ጊጋ ባይት ይደርሳል። 25 ጊጋ ባይት የተባለው ዲስክ ኮምፒዩተር ላይ 23.3 ሆኖ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ አልተታለላችሁም። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥርበት ስሌት ከፋብሪካው ስለሚለይ ነው።

"ስልክና ፍላሽ እያለ ለምን?"

ልጆቻችን መጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ሃርድ ዲስክ ከጠረጴዛ ከወደቀ አብሮት ሁሉም ሊጠፋ ይችላል። ፍላሽ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙላት ስለሆነ፣ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀመጥ ሙላቱ ቀስ በቀስ ሊሸሸው ይችላል። ከዚህም በላይ ፍላሽ ይጠፋበታል፣ ይጻፍበታል፤ አንድ ልጅ ፊልም ለመቅዳት ቦታ ሲያጣ የአያቱን ተዝካር ሊደመስሰው ይችላል። አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ብሉ ሬይ ላይ ግን ሌላ ነገር ደርቦ መጻፍ አይቻልም፤ ቫይረስም አይነካውም።

ውጭ ያሉ ልጆቻችን "ኢንተርኔት ላይ ጫኑት" ይላሉ። ጥሩ ነው፤ የሚችል ይጫን። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች፣ የእናታችንን ድምፅ በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አስቀምጠን መተኛት አይሆንልንም። ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ቢሆኑ ዲስክን አልናቁትም፤ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙም የማይከፈቱ ፎቶዎችን ለማቆየት 10,000 ብሉ ሬይ ዲስክ የሚይዝ ቁም ሣጥን ሠርቶ አሳይቶ ነበር።

ዲስክም ግን ዘላለማዊ አይደለም። ይጫራል፣ ይሰበራል። ሶኒ ባዶ ብሉ ሬይ ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ አቁሟል፤ ሌሎች አምራቾች አሁንም አሉ። ስለዚህ ይህን ሥራ ለማደር የሚያቆየው ነገር የለም።

የእኛ ቤት ሥራ

እኛ 11 ካሴት ነበረን። ከሁሉም የምሳሳለት ግን አንዱን ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. ወንድሜ ሲያገባ የተቀረፀውን። እናቴ ሙሽሮቹን ስትመርቅ የምትታየው በዚያ ካሴት ብቻ ነው። እሷ ከሞተች 21 ዓመት አልፏል። ፎቶግራፏ በየቤታችን ተሰቅሏል፤ ድምፅዋ ያለው ግን እዚያ ብቻ ነው። ከልጅ ልጆቿ አብዛኞቹ ሰምተዋት አያውቁም።

ከዓመታት በፊት ይህንኑ ካሴት ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጥቼ ወደ ዲቪዲ አስገልብጬ ነበር። ዲቪዲው ላይ ያማረ ወረቀት ለጥፈው፣ የሙሽሮቹን ስም በወርቅ ቀለም ጽፈው ሰጡን። ከስድስት ዓመት በኋላ ዲስኩ በማንኛውም ማጫወቻ አልነበብ አለ። ወረቀቱ በአንድ ወገን ተሸብሽቦ ዲስኩን አጣሞት ኖሯል። ደግነቱ ካሴቱን አልጣልነውም።

ካሴቱን ስናወጣው ዳር ዳሩ መሻገት ጀምሮ ነበር። በሙያዬ የምመክረው ነገር ቢኖር ሻጋታ በአፍና በአፍንጫ የሚገባ ነገር መሆኑን ነው። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችንና አስም ያለበትን ሰው ከክፍሉ አርቁ። የሻገተውን ካሴት ራሳችሁ ለማጽዳት ከመሞከር የሚያውቅ ባለሙያ ፈልጉ። እኛም እንዲሁ አድርገን ጸድቶ መጣልን።

ማጫወቻ ከዘመድ ተዋስን። ማጫወቻውን በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ገመድ ከአንዲት ትንሽ መቅጃ መሣሪያ ጋር፣ መሣሪያዋን ደግሞ በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር አገናኘን። ይህ ሥራ አቋራጭ የለውም፤ የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ቡና እየተፈላ፣ ጥጥ እየተፈተለ የሚሠራ ሥራ ነው።

በዲቪዲ ጥራት የተገለበጠ ቪዲዮ በሰዓት ወደ 2 ጊጋ ባይት ይወስዳል። የእኛ ካሴቶች ተደምረው 22 ሰዓት ያህል ስለነበሩ 44 ጊጋ ባይት ገደማ ሆኑ። ይህ በዲቪዲ ቢሆን 10 ዲስክ ይጠይቃል፤ በባለ 25 ብሉ ሬይ ግን ሁለት ይበቃል። አንድ ባለ 50 መጠቀምም ይቻል ነበር፤ አንዱ ቢበላሽ ሁሉም አብሮ እንዳይጠፋ ብለን ሁለቱን መረጥን። በትንሿ የሚኒ ዲቪ ካሴት የተቀረፀ ያላችሁ ግን አስቡበት፤ እሱ እንዳለ ሲገለበጥ በሰዓት 13 ጊጋ ባይት ያህል ይበላል።

ዲስኩ በርን ሲደረግ

ባዶ ብሉ ሬይ በማርቆስ ሱቆች ጠይቄ አላገኘሁም፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሲመጣ አስመጣሁ። የዛሬ ላፕቶፖች የዲስክ ማስገቢያ ስለሌላቸው በዩኤስቢ የሚሰካ የብሉ ሬይ መጻፊያም ያስፈልጋል። ተራው የዲቪዲ መጻፊያ ይህን ዲስክ አይጽፍም። ባለ 100 ወይም ባለ 128 ዲስክ ለመጠቀም ያሰበ ደግሞ መሣሪያው ላይ "ቢዲ ኤክስኤል" የሚል ምልክት መኖሩን ያረጋግጥ።

ሥራው ሲጀመር ልብ የሚባሉት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ መብራት። ዲስክ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ያ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ ባትሪው በደንብ በሚሠራ፣ መቶ በመቶ በተሞላ ላፕቶፕ ላይ ሥሩ። መጻፊያው ሁለት የዩኤስቢ ራስ ያለው ገመድ ካለው ሁለቱንም ሰኩ፤ ኃይል ሲያንሰው መሃል ላይ ያቆማል።

ሁለተኛ ፋይሎቹን አስቀድማችሁ በአንድ ፎልደር ሰብስቡ። የፎልደሩ ስም ዓመተ ምሕረቱን፣ ዝግጅቱንና ቦታውን ይናገር። ኮምፒዩተሩ ከመጻፉ በፊት ለጊዜው ራሱ ጋር ቅጂ ሊያስቀምጥ ስለሚችል፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ የዲስኩን ያህል ባዶ ቦታ ይኑር።

ሦስተኛ ዊንዶውስ ዲስኩን እንዴት መጠቀም እንደምትፈልጉ ሲጠይቅ "እንደ ፍላሽ" የሚለውን ትታችሁ ለማጫወቻ የሚሆነውን ምረጡ፤ ዲስኩ ተዘግቶ የሚያልቀው በዚህ ነው። እኛ የተጠቀምነው ኢምግበርን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው።

አራተኛ አትቸኩሉ። በአራት እጥፍ ፍጥነት ባለ 25ቱ ዲስክ በ23 ደቂቃ ገደማ ይጻፋል፤ ባለ 100ው አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ላፕቶፑን ለፊልም ወይም ለጨዋታ አትንኩት፤ ጠረጴዛውም አይነቃነቅ።

አምስተኛና ዋናው ማረጋገጥ ነው። ፕሮግራሙ የጻፈውን መልሶ ከምንጩ ጋር እንዲያመሳክር "ቬሪፋይ" የሚለውን ምልክት አድርጉ። ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል፤ ግን ዲስኩ ባዶ መሆኑን ከ10 ዓመት በኋላ ከማወቅ ይሻላል።

እንደ ክትባት ጠብቁት

በጤና ጣቢያ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይጠበቃል። የተበላሸ ክትባት በዓይን ሲታይ ደህናውን ሊመስል ስለሚችል ብልቃጡ ላይ ሙቀት ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ምልክት ይለጠፋል። ዲስክ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ምልክቱ እናንተ ናችሁ፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ አውጥታችሁ ክፈቱት። መንተባተብ ከጀመረ ሳይብስበት ወደ አዲስ ገልብጡት።

የሲዲ መረጃ ያለው ከላይ ከጽሑፉ ሥር ነው፤ የዲቪዲ መሃል ላይ ነው፤ የብሉ ሬይ ግን ከታችኛው ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው። ጠንካራ ሽፋን ቢኖረውም የታችኛውን ገጽ በጣት አትንኩ። ካቆሸሸ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉት እንጂ አታዙሩት። ወረቀት አትለጥፉበት፤ ስም መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ የዲስክ ማርከር ከላይ መሃሉ ላይ ይሁን። በየግል ሣጥኑ አቁማችሁ፣ ከፀሐይ፣ ከጭስና ከእርጥብ ግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡት።

አንድ ቅጂ ቅጂ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረ ሥራ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኝ ገዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተነሥተዋል፤ ካታሎጋቸውን በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን የሰጡትም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሊቃውንቱ ያደረጉትን እኛም በአቅማችን እናድርግ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ከሦስቱ አንዱ ከዲስክ ውጪ ባለ ዕቃ፣ ለምሳሌ በሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን፤ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጪ ይደር። የእኛ አንዱ ቤቴ አለ፣ ሁለተኛው ወንድሜ ጋ ባሕር ዳር ነው፣ ሦስተኛው ልጄ ጋ አዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ ተቀምጧል።

ሥራው ያለቀ ዕለት ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሠርጉን ካሴት ከዲስኩ አየን። ድምፁ ትንሽ ይንሿሿል፤ እናቴ ግን "ውለዱ፣ ክበዱ" ስትል በግልጽ ትሰማለች። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ወደኔ ዞር ብላ "እማማ፣ ድምፅዋ እኮ ያንቺ ነው" አለችኝ። ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ያን ቀን አንድ ሌላ ነገርም ታዘብን። ዳስ ውስጥ ከሚታዩት ሰዎች ግማሽ ያህሉን ወጣቶቹ አያውቋቸውም። እኔም የረሳኋቸው አሉ። ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው አጎቴ ግን አንድ በአንድ "ይኼ የእንትና ልጅ ነው፤ ይቺ ሚዜዋ ናት" እያሉ ነገሩን፤ የእህቴ ልጅም ደቂቃውንና ስሙን ጽፎ ከዲስኩ ጋር አስቀመጠው። ስለዚህ ካሴት ያላችሁ ሁሉ መሣሪያው እስኪገኝ አትጠብቁ። በመጪው እሑድ ፎቶዎቹን ይዛችሁ ወደ ሽማግሌዎቻችሁ ሂዱና ስሞቹን ጠይቁ። ዲስክ ዘግይቶም ሊገኝ ይችላል፤ ስሞቹን የሚያውቁት ሰዎች ግን አይጠብቁንም።