9 ግራም ጨው እንዴት 50 ግራም ስኳርን ይተካከላል?

ሆስፒታል ውስጥ በአልጋ ራስጌ ከሚሰቀሉት ከረጢቶች ሁለቱ በብዛት ይታያሉ። አንዱ ላይ «ሶዲየም ክሎራይድ 0.9 በመቶ»፣ ሌላው ላይ «ዴክስትሮዝ 5 በመቶ» የሚል ጽሑፍ አለ። አስታማሚው ሁለቱንም ግሉኮስ ብሎ ይጠራቸዋል እንጂ የመጀመሪያው የጨው ውሃ ነው፤ በ1 ሊትር ውስጥ ወጥ ላይ ከምንጨምረው ጨው 9 ግራም ይዟል። ሁለተኛው በሊትር 50 ግራም ግሉኮስ የተባለ ስኳር አለው። ቀይ የደም ህዋስ በአንዱም ሆነ በሌላው ቢነከር ወዲያው አያብጥም፣ አይጨማደድም። ክብደታቸው ከአምስት እጥፍ በላይ የሚለያይ ሁለት ነገሮች በደም ፊት እኩል የሆኑት በምን ሂሳብ ነው? ይህን ሂሳብ ያወጡት ሰዎች በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች መካከል ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ወጥ ቤት ውስጥ በየቀኑ ይታያል። ቲማቲምና ቃሪያ ከትፎ ጨው የነሰነሰበት ሰው ስላጣው ጥቂት ቆይቶ ውሃ እንደሚያወጣ ያውቃል። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋም ጨው ሲታሽበት፣ ገና ገመድ ላይ ሳይወጣ ውሃ መልቀቅ ይጀምራል። እያንዳንዱ ህዋስ በስስ ገለፈት የተሸፈነ ነው። ገለፈቱ ውሃን በቀላሉ ያሳልፋል፣ ጨውንና ስኳርን ግን ይከለክላል። የውሃ ሞለኪውሎች ከሁለቱም ወገን ሳያቋርጡ ይመላለሳሉ። በውጭ በኩል ጨው ሲበዛ ግን ወደ ውስጥ የሚመለሰው ውሃ ከሚወጣው ያንሳል፤ ጉድለቱ እየተጠራቀመ ህዋሱ ይሟሽሻል። ይህ የውሃ ጉዞ ኦስሞሲስ ይባላል። ሥጋውን የሚያበላሹት ባክቴሪያዎችም ህዋሶች ናቸውና ዕጣቸው ያው ነው፤ ውሃቸውን ተነጥቀው መራባት ያቅታቸዋል። የቀረውን ነፋሱ ይጨርሰዋል።

ስኳርም ይህን ሥራ ይሠራል። ማር ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቆየው በዋናነት አብዛኛው አካሉ ስኳር ስለሆነና ውሃው ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ ስለማይሞላ ነው። እርሾ ቢያርፍበት ይኮማተራል እንጂ አይባዛም። ያንኑ ማር በውሃ በጥብጠን ብርዝ ስናደርገው ግን የስኳሩ ጉልበት ይላላል፣ እርሾውም ይነቃል። ጠጅ ጣዮች ማርና ውሃውን በመስፈሪያ የሚመጥኑት ነገር ይህንኑ ጉልበት ነው።

ጉልበቱን በወጉ የለካው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ፕፌፈር ነበር። ትንሽ የሸክላ ዕቃ ወስዶ፣ ውሃ ብቻ የሚያሳልፍ የመዳብ ውህድ በግድግዳው ላይ እንዲረጋ አደረገ። ውስጡን በስኳር ውሃ ሞላ፣ የግፊት መለኪያ ገጠመለት፣ ከዚያም ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነከረው። ውሃው በሸክላው ግድግዳ እያለፈ ገብቶ በመለኪያው ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ወደ ላይ ገፋው። በ1877 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ እንደምናየው፣ 1 በመቶ ስኳር ያለው ውሃ ሜርኩሪውን ከ53 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ አድርጎታል። በሜርኩሪው ምትክ ውሃ ቢሆን ኖሮ ከፍታው ከ7 ሜትር ያልፍ ነበር። ይህ ሁሉ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ያመጣው ግፊት ነው!

ፕፌፈር ቁጥሩን ትቶ አለፈ፤ ትርጉሙን ያገኘለት ሌላ ሰው ነው። ያኮቡስ ቫንት ሆፍ በ1852 ሮተርዳም ውስጥ የተወለደ ሆላንዳዊ ነው። አምስተርዳም ሲያስተምር የዕፅዋት ተመራማሪው ባልደረባው ሁጎ ደ ፍሪስ ስለ ፕፌፈር ልኬት ነገረው። ቫንት ሆፍ ያነሣው ጥያቄ ድፍረት ያለበት ነበር፤ ውሃውን ከናካቴው እንደሌለ ብንቆጥረውና የስኳሩ ሞለኪውሎች ብቻቸውን እንደ ጋዝ ዕቃውን ቢሞሉት ምን ያህል ይገፉ ነበር? ሲያሰላው የአየር ግፊት 0.69 እጥፍ ያህል ወጣ። የፕፌፈር መለኪያ ያሳየው ከፍታ በዚሁ አቆጣጠር 0.70 ነበር። ጋዝን የሚገዛው ሕግ የስኳር ውሃንም ይገዛል ማለት ነው። ከሳይንስ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል የምወደው ስሌት ጥቂት ነው፤ አንድ የሸክላ ዕቃና አንድ ማካፈል ሁለት ሩቅ ዓለማትን አገናኙ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለከረጢታችን ወሳኝ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከቁጥር ነው። የሟሟው ነገር ምንነትም ሆነ ክብደት ቦታ የለውም፤ ስንት ቅንጣት አለ የሚለው ብቻ ይቆጠራል። አንድ ኪሎ ጤፍና አንድ ኪሎ ባቄላ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፣ በፍሬ ቁጥር ግን አይገናኙም። በኬሚስቶች ሚዛን የጨው ቅንጣት ክብደቱ 58.5 ሲሆን የግሉኮስ 180 ነው። ስለዚህ እኩል ግራም ብንወስድ ጨው በቁጥር 3 እጥፍ ያህል ይበልጣል።

ነገር ግን 3 እጥፍ አልበቃም፤ ከረጢቶቹ የሚነግሩን ከ5 እጥፍ በላይ ነው። ቫንት ሆፍም እዚሁ ላይ ተቸግሮ ነበር። ስኳር ሕጉን ሲጠብቅ ጨው ግን ከሚገባው ሁለት እጥፍ ወደሚጠጋ ግፊት ይሄድበታል። ምክንያቱን ስላላወቀ ስሌቱ ውስጥ አንዲት ማስተካከያ ቁጥር አስገባና አለፈ።

ምክንያቱ ከስዊድን መጣ። ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ የተሟሟ ጨው ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያስተላልፍ የሚመረምር ነበር። መምህራኑ አልወደዱለትም። ለጥቂት አለፈ፤ የተሰጠው ማዕረግ ዝቅ ያለ ስለነበር በዩኒቨርሲቲው የማስተማር ተስፋው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ጽሑፉ የደረሰው ኬሚስቱ ቪልሄልም ኦስትቫልድ ግን በዚያው ዓመት ከሪጋ ተነሥቶ ኡፕሳላ ድረስ ሄዶ አገኘው፤ ሥራም እሰጥሃለሁ አለው። አንድ ወጣት በገዛ ቤቱ ሲናቅ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣለት ሰው ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። የቫንት ሆፍን ስሌት ባነበበ ጊዜ አሬኒየስ ማስተካከያዋ ቁጥር ምን እንደሆነች ገባው፤ በ1887ም አሳተመው። ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ቅንጣት ለሁለት ይከፈላል። አንዱ አወንታዊ ሙሌት ያለው ሶዲየም፣ ሌላው አሉታዊ ሙሌት ያለው ክሎሪን ነው፤ አዮኖች ይባላሉ። አንድ የተባለው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

የዘመኑ ኬሚስቶች መቃወማቸው አያስገርምም። ሶዲየም ብረቱ ውሃ ሲነካው ይንፈቀፈቃል፣ ይቀጣጠላልም። ክሎሪን መርዛማ ጋዝ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሾርባችን ውስጥ ተለያይተው ቢዋኙ እንዴት አንሞትም? መልሱ ያለው በሙሌቱ ላይ ነው። ሶዲየም አንዲት ኤሌክትሮን ለክሎሪን አሳልፎ ከሰጠ በኋላ ሁለቱም ጠባያቸው ፈጽሞ ይለወጣል፤ ያ ቁጣቸው የመነጨው ከዚያች ኤሌክትሮን ነበር። ኤሌክትሮን ራሷ የታወቀችው በ1897 ስለሆነ አሬኒየስ ይህን ማስረጃ ገና በእጁ አልያዘም ነበር።

የኖቤል ሽልማት በ1901 ሲጀመር የኬሚስትሪው የመጀመሪያ ተሸላሚ ቫንት ሆፍ ሆነ። አሬኒየስ በ1903፣ ኦስትቫልድ ደግሞ በሌላ ሥራው በ1909 ተከተሉ።

አሁን ሂሳቡን እንጨርስ። 50 ለ9 ሲካፈል 5.6 ያህል ነው። ይህንን ከክብደት ልዩነት ለመጣው 3.1 ብናካፍለው 1.8 ይሆናል፤ ይህ የመከፈሉ ድርሻ ነው። ድፍን 2 ያልሆነው አዮኖቹ ከተለያዩም በኋላ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡና ሙሉ በሙሉ ነፃ ስለማይሆኑ ነው። ይህን መሳሳብ በ1923 ከኤሪክ ሁከል ጋር በስሌት ያሳየው ፔተር ደባይ በ1936 የኬሚስትሪ ኖቤልን አግኝቷል።

ሁለቱ ከረጢቶች በመግቢያው በር ላይ እኩል ይሁኑ እንጂ ከገቡ በኋላ ይለያያሉ። ስኳሩን ሰውነት ያቃጥለዋል፣ ውሃው ብቻውን ይቀራል፤ ጨው ግን አይቃጠልም። ሐኪም አንዱን ከሌላው የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም የሌሉበት ባዶ ውሃ በብዛት ወደ ደም ሥር ቢገባ ደግሞ ቀይ ህዋሶቹ ውሃውን እየሳቡ ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉም።

ይህ ሂሳብ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤታችን የሚገባው ተቅማጥ ለያዛቸው ልጆች በውሃ ተበጥብጦ በሚሰጠው በኦአርኤስ ፓኬት ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2002 የቅመሙን መጠን ሲቀይሩ በሊትር ያለውን የቅንጣት ብዛት ከ311 ወደ 245 ሚሊኦስሞል ዝቅ አድርገውታል። ቅንጣቱ ሲቀንስ አንጀት ውሃውን በተሻለ ይቀበላል፤ የልጆቹ ተቅማጥና ትውከት ቀንሷል፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸውም አንሰዋል። የ1 ሊትሩን ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ መበጥበጥ፣ ወይም ልጁ እንዲጠጣው ብሎ ስኳር መጨመር የቅንጣቱን ቁጥር መልሶ ያንረዋል፤ ያኔ መጠጡ ከልጁ ሰውነት ውሃ ወደ አንጀቱ ይስባል፣ ተቅማጡም ይብሳል።