በረራ በሠራተኞች የሥራ ሰዓት ማብቃት ምክንያት የሚሰረዘው ለምንድን ነው?

መንገደኞች ተፈትሸው፣ ሻንጣቸው ተጭኖ፣ አውሮፕላኑም ቆሞ እየታየ በረራው መሰረዙ የሚነገርበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «የበረራ ሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት አብቅቷል» የሚል ሊሆን ይችላል። ብዙ ተገልጋዮች ይህን እንደ ማመካኛ ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ አብራሪዎች ያለ ዕረፍት ሊሠሩ የሚችሉት ጊዜ በሕግ የተገደበ ነው፤ ገደቡም የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ የጠበቀባቸው አገሮች አሉ።

ድካም እንቅልፍ ከማጣት ብቻ የሚመጣ አይደለም። የሰው አካል የራሱ የሆነ ውስጣዊ ሰዓት ስላለው ንቃት ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በእጅጉ ይቀንሳል። አንድ አብራሪ ቀን በቂ ሰዓት ተኝቶ ቢውልም በእነዚህ ሰዓታት ውሳኔው ሊዘገይ ይችላል። ለ17 ሰዓታት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው የሥራ ብቃት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አመልክቷል። አሳሳቢው ጉዳይ የደከመ ሰው የድካሙን መጠን በትክክል መመዘን አለመቻሉ ነው።

እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 በአሜሪካ ከኒውዋርክ ወደ ባፋሎ ይበር የነበረ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ በአንድ መኖሪያ ቤት ላይ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎች በሙሉና በቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። መርማሪዎቹ የአደጋው መንስኤ ፍጥነት መቀነሱን ለሚያሳውቀው ማስጠንቀቂያ ዋና አብራሪው የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ መሆኑን ደመደሙ። የሁለቱም አብራሪዎች ብቃት በድካም ሳይጎዳ እንዳልቀረም ገለጹ። ረዳት አብራሪዋ ከመኖሪያዋ ከሲያትል ተነሥታ ሌሊቱን በሌሎች አውሮፕላኖች ተሳፍራ ወደ ሥራ ቦታዋ የደረሰች ሲሆን፣ ዋና አብራሪው ደግሞ ቀደም ባለው ሌሊት በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበር ያሳለፈው። ለሥራ ከሚመደቡበት ከተማ ርቀው የሚኖሩ አብራሪዎች ይህን የመሰለ ጉዞ የሚያደርጉት በዕረፍት ሰዓታቸው ስለሆነ በሥራ መዝገብ ላይ አይታይም።

የሟቾች ቤተሰቦች ባደረጉት ያላሰለሰ ጥረት የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ሕግ አወጣ፤ ዝርዝር ደንቡም ከጥር 4 ቀን 2014 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። በደንቡ መሠረት አብራሪው ከሥራ በፊት ቢያንስ 10 ሰዓት ያርፋል፤ ከዚህም ውስጥ 8ቱ ያልተቋረጠ የእንቅልፍ ዕድል የሚሰጡ መሆን አለባቸው። በሁለት አብራሪዎች ለሚከናወን በረራ የሥራ ጊዜው የሚለካው በመነሻ ሰዓት ጭምር ነው፦ ከእኩለ ሌሊት እስከ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራ የሚጀምር አብራሪ 9 ሰዓት ሲፈቀድለት፣ ረፋድ ላይ ጀምሮ አንድ ወይም ሁለት በረራ ብቻ የሚያደርገው ግን እስከ 14 ሰዓት ሊሠራ ይችላል። ለሥራ ብቁ አይደለሁም ያለ አብራሪም እንዲበር አይመደብም።

ደንቡ የጭነት በረራዎችን አላካተተም። ተፈጻሚ ከመሆኑ ጥቂት ወራት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2013 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ የዩፒኤስ የጭነት አውሮፕላን በበርሚንግሃም አላባማ ለማረፍ ሲሞክር ተከስክሶ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። በድምፅ መቅጃው ላይ ስለ ድካማቸውና ስለ ዕረፍት ደንቡ ልዩነት ሲነጋገሩ ተሰምተዋል። ዕቃ የጫነ አብራሪ ሰው ከጫነው ያነሰ እንቅልፍ የሚበቃው ያህል ተደርጎ መታሰቡ ለመረዳት የሚያዳግት ነው።

ገደብ መኖሩ ብቻ ጫናውን አያስቀርም። አየር መንገዶች የሥራ ተራ ድልድል ሲያወጡ አውሮፕላንም ሠራተኛም ሥራ ፈትቶ እንዳይቆም ይጥራሉ፤ በዚህም የተነሣ ከፍተኛው የተፈቀደ ሰዓት የዘወትር ዕቅድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንዲህ በጠበበ ድልድል ውስጥ ጠዋት በጭጋግ ምክንያት የዘገየ አንድ በረራ ማታ ሌላ ከተማ ያለውን በረራ ያሰርዛል። ተጠባባቂ አብራሪዎች ያስፈለጉትም ለዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን እንደሚደረገው ባለ ረጅም ጉዞ ደግሞ ተጨማሪ አብራሪዎች ተመድበው በተራ ይተኛሉ።

በአገራችን የአቪዬሽን ደኅንነት ቁጥጥር የሚከናወነው በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

በረራዎ በዚህ ምክንያት ከተሰረዘ አየር መንገዱን ስለ ተለዋጭ በረራ፣ ስለ ምግብና ስለ ማደሪያ ይጠይቁ፤ ምን እንደሚገባዎት በቲኬትዎ የጉዞ ውል ላይ ተመልክቷል። የመሳፈሪያ ካርድዎን፣ የወጪ ደረሰኞችዎንና የተሰረዘበትን ምክንያት የሚገልጽ ጽሑፍ ይያዙ። እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት በሚሸፍናቸው ዓለም አቀፍ ጉዞዎች አየር መንገዱ ጉዳት እንዳይደርስ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ መውሰዱን ካላስረዳ በመዘግየት ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ስለሚሆን፣ እነዚህ ሰነዶች አቤቱታ ሲያቀርቡ ያገለግሉዎታል።