ያውቁ ኖሯል? እቅፍ የመኪና መቀመጫን አይተካም

የሕፃናት የመኪና መቀመጫን በሕግ በማስገደድ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚዋ ቴነሲ ናት። የሕፃናት ሐኪሙ ዶክተር ሮበርት ሳንደርስ ሳይታክቱ ወትውተው ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1977 ጸደቀ፤ በ1978 ሥራ ላይ ዋለ። ግን አንድ ቀዳዳ ነበረበት፦ ትልቅ ሰው ካቀፈው ሕፃኑ መቀመጫ አያስፈልገውም የሚል። ተቃዋሚዎቹ «ልጅ ጨፍላቂ» ያሉት ይህ አንቀጽ በ1981 ተሰረዘ። እስከ 1985 ሃምሳዎቹም ግዛቶች የየራሳቸውን ሕግ አወጡ።

የአንቀጹ ተቃዋሚዎች ትክክል ነበሩ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ የእናት ክንድ ሕፃኑን ይዞ ማስቀረት አይችልም። ልጅን አቅፎ አንድ ቀበቶ ለሁለት ማሰርማ የባሰ ነው፤ በግጭቱ የአዋቂው ክብደት በሙሉ ልጁ ላይ ያርፋል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ ልጅ 2 ዓመት እስኪሞላው፣ ወይም አምራቹ ወደፊት ለማዞር የወሰነው ዝቅተኛ ክብደት ላይ እስኪደርስ፣ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አድርጎ ይቀመጣል። 8 ዓመት እስኪሞላውም ለዕድሜውና ለቁመቱ የሚስማማ መቀመጫ ግዴታ ነው። የሕፃን አንገት ገና ስላልጠና፣ ከፊት ግጭት ሲመጣ ጀርባው ላይ ያለው የመቀመጫ ድጋፍ ራሱንና አንገቱን አንድ ላይ ይደግፋል። ኤርባግ ካለበት የፊት ወንበር ላይ ግን እንዲህ ያለ መቀመጫ ፈጽሞ አይቀመጥም።

በክረምት የልጁን ወፍራም ጃኬት አውልቀው ይሰሩት፤ በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ይጨመቅና ቀበቶው ይላላል። ብርዱን ጋቢ ከላይ ደርበው ይከላከሉለት። ካሰሩ በኋላ ትከሻው ላይ ቀበቶውን በሁለት ጣት ይቆንጥጡ፤ ትርፍ ከተያዘልዎ ገና አልጠበቀም።